የሸንገን ቪዛ ከባሕር ዳር፦ ክላሰሩ አንድ ታሪክ ያውራ

ባሕር ዳር ላይ «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» ካላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባንክ ስንት አለህ?» ነው። ሁለተኛው «ሰው አለህ ወይ?» ነው። ብርም ሰውም ይጠቅማሉ፤ ማን ይጠላል። ግን ልጅ ለመጠየቅ፣ ለስብሰባ ወይም ለሽርሽር የሚያመለክት ሰው ፋይል ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ወረቀቶቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ነው። የሥራ ደብዳቤው አንድ ደመወዝ ይላል፣ ባንኩ ሌላ ያሳያል። ጋባዡ «ለሦስት ሳምንት» ብሎ ጽፏል፣ ፎርሙ ላይ ሁለት ወር ተሞልቷል። የፓስፖርቱ ስም ከጋብቻ ወረቀቱ ስም በአንድ ፊደል ይለያል። ፋይሉን የሚያየው ሰው ደግሞ አያውቃችሁም። ሽንብጥ ላይ ስንት ዓመት እንደኖራችሁ፣ ሰፈሩ እንዴት እንደሚያከብራችሁ የሚነግረው የለም። ፊቱ ያለው አንድ ክላሰር ነው። እሱን እያገላበጠ የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ ይህ ሰው ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

የትኛው ኤምባሲ?

ሸንገን የሚባሉት በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው 29 አገሮች ናቸው። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስዊድን፣ ኔዘርላንድስ አሉበት። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም አሉበት። እንግሊዝ፣ አየርላንድና ቆጵሮስ ግን የሉበትም፤ ለእነሱ የየራሳቸው ቪዛ ነው። ይህ የአጭር ጊዜ ቪዛ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቆያል። የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል።

የምታመለክቱት ረጅሙን ጊዜ ለምትቆዩበት አገር ነው። ልጃችሁ ስቶክሆልም ብትሆንና እሷ ጋ ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ለአራት ቀን ሮም ብታዩ፣ ኤምባሲያችሁ የስዊድን ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር ይሆናል። «የእገሌ ኤምባሲ ቀጠሮ ቶሎ ይሰጣል፣ በእሱ ግባ» የሚል ምክር መስማታችሁ አይቀርም። ተዉት። ልጅህ ስዊድን እያለች ሆቴል ሌላ አገር ይዘህ ስትመጣ፣ ክላሰሩ ገና ከመጀመሪያው ገጽ መዋሸት ጀመረ ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያንን ለይቶ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ግን አልሰማውም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ላይ በእኛ ፓስፖርት ላይ ደንቡን አጥብቋል። የሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ እዚያ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ በኩል መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። እናትየዋ ልጇን ለመጠየቅ ስትነሳ ይህ ለምን እሷን እንደሚመለከታት እኔም አይገባኝም፤ ግን ይመለከታታል። ለአብዛኛው ዓለም 15 ቀን የሆነው የመልስ መጠበቂያ ለእኛ 45 ቀን ሆኗል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ አይሰጥም። «ይህን ወረቀት እንኳ ትተንልሃል» ማለትም ቀርቷል፣ የተጠየቀው ሁሉ መሟላት አለበት።

አንዴ ብቻ የሚያስገባ ስለሆነ ከሸንገን ወጥታችሁ ተመልሳችሁ መግባት አትችሉም። ፓሪስ ሰንብታችሁ ለንደን ያለችውን እህታችሁን አይታችሁ እንደገና ፓሪስ ልትሉ ካሰባችሁ፣ ለንደንን መጨረሻ ላይ አድርጉትና ከዚያው ወደ አገር ቤት ተመለሱ። የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው መሆኑን እንዳትረሱ።

መቼ ይጀመራል?

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ካለው 6 ወር ጀምሮ ነው። ደንቡ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ያበቃል ይላል፣ ግን መልሱ 45 ቀን ሊፈጅ እየቻለ ለ15 ቀን ማን ይጠብቃል። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ በእኔ ግምት ከአራት ወር ያነሰ ጊዜ ይዞ መነሳት ልብ ማድከም ነው። ለገና መሄድ የሚፈልግ ሰው ወረቀቱን በጷጉሜን ጨርሶ መስከረም ላይ ቢያስገባ ይሻላል።

ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። ማመልከቻ የሚገባው አሻራም የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። አንዳንዱ ኤምባሲ በራሱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ቪኤፍኤስ በሚባለው ድርጅት በኩል ነው፣ አንዳንድ አገር ደግሞ በሌላ አገር ኤምባሲ ይወከላል። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ከኤምባሲው ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ ከሰፈር ወሬ አትውሰዱ። በአየር ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት ቦሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ግን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ «አንድ ወረቀት ጎድሏል፣ አምጣ» መባል ለአዲስ አበባ ሰው የታክሲ ጉዳይ ነው፣ ለእኛ ግን የአየር ቲኬትና የአልጋ ኪራይ ነው። የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የወሳኝ ኩነት ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ ትርጉምም ሳይቀር እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ይለቁ። አንዱን ደብዳቤ በሁለት ኮፒ ማህተም አስመቱ። ዋናው ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ መለዋወጫ አላችሁ።

ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። ሊያልቅ የደረሰ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አሳድሱ። የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ስላለ ለዚህ እንኳ አዲስ አበባ መሄድ የለባችሁም።

አንድ ቀላል ግን ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ የቀጠሮ ወረቀቱ 8:30 ካለ በእኛ ጠዋት 2:30 ነው። ከሰዓት 8:30 ላይ ደረስኩ ብሎ በር ላይ የሚቆም ሰው ዛሬም አለ።

ስምና ቀን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ፋይል የሚንገዳገደው እዚህ ነው።

ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አለቃው ፓስፖርቱ ነው። ሌላው ወረቀት ሁሉ እሱን ይከተላል። የቀበሌው ጸሐፊ ቀለሟን በ«ኬ» ይጽፋታል፣ ባንኩ በ«ኪው» ይጽፋታል። ጸጋዬ አንዴ በ«ቲኤስ» አንዴ በ«ኤስ» ብቻ ይመጣል። ገብረሥላሴና ወልደማርያም አንዱ ወረቀት ላይ የተያያዙ፣ ሌላው ላይ የተለያዩ ይሆናሉ። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ነው። ደብዳቤ ልታስጽፉ ስትሄዱ የፓስፖርቱን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና «እባክህ እንዲህ አድርገህ ጻፍልኝ» በሉ። ማህተም ከመመታቱ በፊት ፊደል በፊደል እዩት። ጸሐፊው ቢቆጣም ይቆጣ። የባንኩና የፋይዳው ስም ከፓስፖርቱ የሚለይ ከሆነ ቀድማችሁ አስተካክሉ፣ ጊዜ ይወስዳል።

የስም አሰጣጣችንም ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት የሚጋሩት ስም የላቸውም። አውሮፓዊው «ይቺ ሴትዮ ልጄ የምትላት ልጅ በምን ስም ነው ልጇ የሆነችው?» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ዝምድናን የሚያሳየው ወረቀት፣ የእናት ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። የክርስትና ካርድ ወይም የቤት ፎቶ ብቻውን አይበቃም። ከወሳኝ ኩነት የተሰጠውን አምጡ። ከማመልከቻው ጋር በምታያይዙት ደብዳቤ ላይም «በአገራችን የሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው» የምትል አንድ መስመር ጨምሩበት።

ቀን ሌላው ነው። ፎርሙ የሚሞላው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ወረቀቶቻችን ግን በእኛ ናቸው። «7 ደምር፣ 8 ደምር» እያሉ በግምት መሙላት አደጋ አለው። ኅዳር 6 ቀን 1982 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15 ቀን 1989 ነው የተወለደው። በዚያው ዓመት ጥር 6 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 1990 ነው። ዓመቱ አንድ ነው፣ በፈረንጆቹ ግን ሁለት ሆነ። አስተርጓሚው ወሩን ቀይሮ ዓመቱን እንዳለ የተወው የልደት ወረቀት ደግሞ ጭራሽ ልጁን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። ሲተረጎም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ምልክት ከጎኑ ይግባ፣ የፈረንጆቹም ቀን አብሮ ይጻፍ።

ብርና ሥራ

የባንክ ስቴትመንት አብዛኛው ኤምባሲ የሦስት ወይም የስድስት ወር ይጠይቃል። የሚታየው የመጨረሻው ድምር ብቻ አይደለም፣ አገባቡና አወጣጡ ነው። ለወራት ጥቂት ሺህ ብር ሲንቀሳቀስበት የኖረ አካውንት ውስጥ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት አንድ ሚሊዮን ብር ከገባ፣ ያንን ብር ያበደራችሁን ሰው ኤምባሲውም ያየው ያህል ነው። ትልቅ ገንዘብ በእውነት ከገባላችሁ፣ ቤት ሸጣችሁ ወይም እቁብ ደርሷችሁ ከሆነ፣ ማስረጃውን ከኋላው አያይዙ።

ስንት ይበቃል? እንደ አገሩ ይለያያል። ፈረንሳይ ሆቴል ለያዘ ሰው በቀን 65 ዩሮ፣ ዘመድ ቤት በሕጋዊ የግብዣ ወረቀት ለሚያርፍ 32.50 ዩሮ ይላል። ኔዘርላንድስ በቀን 55 ዩሮ ይጠይቃል። በምትቆዩበት ቀን አባዙትና ወደ ብር ቀይሩት። ወጪውን ጋባዡ የሚሸፍን ከሆነ ግን የግድ የእናንተ አካውንት ማበጥ የለበትም። ያበጠውማ ጥያቄ ያመጣል።

ዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፔዳ ወይም ፖሊ፣ የምታስተምሩ፣ ወይም በቢሮ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ዕድለኞች ናችሁ። የሥራ ደብዳቤው ላይ የሥራ መደብ፣ የተቀጠራችሁበት ቀን፣ ደመወዝ፣ የተፈቀደላችሁ ዕረፍት ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ወደ ሥራ የምትመለሱበት ቀን ይግባ። ያለ ዕረፍት ቀን የተጻፈ የሥራ ደብዳቤ ግማሽ ደብዳቤ ነው። ለስብሰባ ከሆነ የአዘጋጁ ግብዣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይናገር፤ ቀኑም ከዕረፍቱ ቀን ጋር ይግጠም።

ነጋዴ ከሆናችሁ የዘንድሮ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ወረቀትና ግብር የከፈላችሁበት ማስረጃ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ወጥመድ አለ። ለግብር የተነገረው የዓመት ገቢ ትንሽ ሆኖ ባንኩ ላይ ሚሊዮን ሲመላለስ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይካሰሳሉ። መፍትሔው የእናንተ ነው። እኔ የምለው አብረው መታየታቸውን እወቁ ነው።

ጣና ላይ ጀልባ ያላችሁ ወይም ቱሪስት ዘጌና ክብራን የምታስጎበኙ ልጆች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናችሁ። ጋባዣችሁ ዘመድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አስጎብኝታችሁት ወዳጅ የሆነ ፈረንጅ ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን «ከየት ተዋወቃችሁ?» ይመጣል። ሰውየው ባሕር ዳር የመጣበት ጊዜ፣ አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ፣ የተጻጻፋችሁት ኢሜይል ታትሞ ይግባ። የማኅበራችሁን ደብዳቤና የአስጎብኚነት መታወቂያችሁን አያይዙ። እንግዳ በቀነሰበት ወቅት ገቢ አይኖራችሁም፤ ስቴትመንቱም ይህንን ያሳያል። አትደብቁት። በደብዳቤያችሁ ላይ ሥራው ወቅት እንዳለው ሁለት መስመር ጻፉ።

በገጠር ዳርቻው መሬት ያላችሁ የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን፣ ከተማ ቤት ያላችሁ ካርታችሁን አስተርጉማችሁ አስገቡ። ትዳር፣ ትምህርት ላይ ያሉ ልጆች፣ ጡረታ፣ እነዚህ ሁሉ «ይመለሳል» የሚል ድምፅ አላቸው።

አራስ ሊጠይቁ ለሚሄዱ እናቶች

ከባሕር ዳር ለአጭር ጊዜ ከሚሄዱት ውስጥ እነዚህ ብዙ ናቸው። ልጅ አውሮፓ ወልዳ ወይም ልትወልድ ደርሳ እናት ገንፎ ልታገነፋ ትሄዳለች። ምክንያቱ እውነተኛ ስለሆነ እንደዚያው ይጻፍ፤ «ለቱሪዝም» ብሎ ኢፍል ታወር ጋ ፎቶ መነሳት እንደሚፈልጉ ማስመሰል እማማን ማስቸገር ነው። ልጅየዋ የሐኪም ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ኮፒ፣ የደመወዝ ወረቀቶቿንና የቤት ኪራይ ውሏን ትላክ።

ቀኑን ግን አስቡበት። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በ40 ቀን ነው፣ ሴት ከሆነች በ80። እናት ከወሊዱ ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢገቡና ሴት ብትወለድ፣ እስከ ክርስትናው መቆየት 90ውን ቀን ያልፋል። የቪዛ ማራዘሚያ «ክርስትና አለብን» ለሚል የሚሰጥ ነገር አይደለም። ስለዚህ ወይ ከወሊድ በኋላ ይግቡ፣ ወይ ክርስትናውን በቪዲዮ ይዩት።

የጋባዡ ወረቀት

በዋትሳፕ የተላከ «እናቴን ጋብዣለሁ» የሚል ደብዳቤ በብዙ አገር አይበቃም። ጀርመን ያለ ጋባዥ ወጪውን ሊሸፍን ከሆነ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ የግዴታ መግለጫ ይፈርማል፤ ኦሪጅናሉ እናንተ እጅ መድረስ አለበት። ስለዚህ የመላኪያ ጊዜውንም ቁጠሩ። ፈረንሳይ ያለው ከማዘጋጃ ቤቱ «አቴስታሲዮን ዳከይ» የሚባለውን ያወጣል፣ 30 ዩሮ ቴምብር አለው። ኔዘርላንድስ ያለው የስፖንሰርና የማረፊያ ፎርም ሞልቶ ፊርማውን ማዘጋጃ ቤት ያረጋግጣል። ቤልጅየም ላይ «ፕሪዝ አን ሻርዥ» ይባላል። እዚያ ያሉት ልጆች ሥራ ይበዛባቸዋልና ለማዘጋጃ ቤቱ ቀጠሮ ቀድመው እንዲይዙ ወትውቱ።

ቶሎ የሚያልቁት

ኢንሹራንስ፦ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ለሁሉም የሸንገን አገሮችና ለቆይታችሁ በሙሉ የሚሠራ፣ ድንገተኛ ሕክምናንም ወደ አገር መመለስንም የያዘ። የአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይሸጡታል። ቪዛው ባይሰጥ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የአየር ቲኬት፦ የሚያስፈልገው ሪዘርቬሽን ነው። ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። የሪዘርቬሽኑ ቀን ግን ከፎርሙ፣ ከግብዣው፣ ከዕረፍቱና ከኢንሹራንሱ ጋር አንድ ይሁን። አምስቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡና ቀናቸውን በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡ።

ፎቶ፦ 3.5 በ4.5 ሳንቲ ሜትር፣ ነጭ ጀርባ፣ ከ6 ወር ወዲህ የተነሳ። ፎቶ ቤቱ ፊት እንዳያነጣ፣ መጨማደድ እንዳያጠፋ ንገሩት። እሱ ውለታ የዋለላችሁ ይመስለዋል።

የቀጠሮው ቀን

ክፍያው ከሰኔ 2016 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45፣ ከዚያ በታች ነፃ። በቪኤፍኤስ በኩል ከሆነ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። ቢከለከሉም አይመለስም። ለልጅ ከሆነ የሁለቱም ወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቃል።

የአሥሩም ጣት አሻራ ይወሰዳል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ አይሰጡም። አሻራው 59 ወር ስለሚቀመጥ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደገና ካመለከታችሁ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እርሻና ጓዳ ሲሠሩ የኖሩ እጆች አሻራቸው ይደክማል፣ ማሽኑም ያስቸግራቸዋል። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡ። እንሶስላም ለዚያ ሰሞን ይቅር።

ጥያቄ ከመጣ አጭር መልስ ስጡ። «መቼ ይመለሳሉ?» ሲባል «ፈጣሪ ሲፈቅድ» ማለት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። እዚያ መስኮት ላይ ግን የሚፈለገው ቀን ነው፤ ያውም ሪዘርቬሽኑ ላይ ያለው ቀን። «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት» አይበቃም። እናታችሁ የልጅየዋን ከተማ ስም፣ ሥራዋን፣ ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ እንዲያውቁ አስቀድማችሁ ቡና ላይ አጫውቷቸው። መልስ አስጠንታችሁ ግን አትላኳቸው። የተጠና ነገር ያስታውቃል።

ፓስፖርቱን ስትቀበሉ ሌላ ሰው በውክልና መውሰድ ይችል እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። አዲስ አበባ ዘመድ ካለ አንድ ጉዞ ይተርፋችኋል።

ስለ ደላላ

ፎርሙ በነፃ ነው የሚገኘው። ፎርም መሙላት የማይችል ሰው ለሚሞላለት መክፈሉ ነውር የለውም፤ ማንም የኢንተርኔት ቤት ልጅ ይሠራዋል። ደላላ የሚባለው ግን «ስቴትመንት እኔ አሠራልሃለሁ፣ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚለው ነው። ኤምባሲው ባንኩ ጋ ደውሎ ሊያጣራ ይችላል። ሐሰተኛ ወረቀት ሲገኝ ውድቅ መደረጉ በሸንገን መረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፣ በሌላው አገር ኤምባሲ ስትሄዱም ይታያል። ያኔ ደላላው ስልኩን ቀይሯል።

ሪጀክት ከሆናችሁ

ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ፎርም ይሰጣችኋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ቪዛው ከማለቁ በፊት ለመውጣትዎ ጥርጣሬ አለን» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የጉዞው ዓላማ አልተረጋገጠም» ነው። ይግባኝ መብት ነው፣ ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ፈረንሳይ 30 ቀን፣ ኔዘርላንድስ 4 ሳምንት፣ ጣሊያን ሮም ላለው ፍርድ ቤት 60 ቀን። ጀርመን ለኤምባሲው በደብዳቤ ይግባኝ ማለትን ከሰኔ 2017 መጨረሻ ወዲህ ስላስቀረች የቀረው ፍርድ ቤት ወይም አዲስ ማመልከቻ ነው።

እንደገና ለማመልከት የግድ የሚጠበቅ ጊዜ የለም። ግን ያንኑ ክላሰር ይዞ በሳምንቱ መመለስ 90 ዩሮ መጣል ነው። ምልክት የተደረገበትን ምክንያት የሚመልስ አዲስ ወረቀት ሲኖራችሁ ተመለሱ። የቀድሞውን መከልከል ብትጠየቁ አትካዱ፤ ያዩታል።

ቪዛው ሲመታ

ስቲከሩን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡ። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚለው ቪዛው የሚሠራበት ጊዜ ነው። የምትቆዩበት የቀን ብዛት ለብቻው ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜም ያነሰ ነው። 30 ቀን የሚል ከሆነ ስቲከሩ ሁለት ወር ቢያሳይም 30 ነው። ስምና የፓስፖርት ቁጥርም ተሳስቶ እንደሆነ እዩ።

ከጥቅምት 2018 ጀምሮ የሸንገን ድንበሮች መግቢያና መውጫን በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምረዋል፤ ፊታችሁንም ፎቶ ያነሳሉ። አንድ ቀን ማሳለፍ እንደ ድሮው በማህተም ብዛት ውስጥ አይጠፋም። ድንበር ላይም የግብዣ ወረቀት፣ ኢንሹራንስና የመመለሻ ቲኬት ሊጠይቁ ስለሚችሉ ኮፒያቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ ውስጥ አድርጋችሁ አትላኩት።

ሻንጣው ላይ እናቶች አይሰሙኝም፣ ግን ልናገር። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አይገባም። ከውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት በመንገደኛ ሻንጣ ክልክል ስለሆነ፣ ከተያዘ ይወሰዳል፣ ሊያስቀጣም ይችላል። ንጥር ቅቤም ቅቤ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና አያስቸግሩም። ዓሣ ደግሞ ለራስ ከሆነ፣ ሆድ ዕቃው የወጣ ከሆነ፣ እስከ 20 ኪሎ ይፈቀዳል። ስለዚህ የጣና ደረቅ ዓሣ ቅቤውን ሊተካ ይችላል፤ በደንብ ጠቅልሉት ብቻ፣ አጠገቡ የሚታጠፍ ነጠላ አለ።